የአንበሲቷ ወፍራም ክር

የካሲልዳን ምላስ የሚቆርጥ ቢላዋ ገና አልተሠራም ይባላል፣ እውነትም ነው። መምህሯ ሞክሮ አቅቶታል፤ ቄሱ ሞክረው አቅቷቸዋል፤ እናቷማ ከተወችው ቆይታለች። ካንደላሪያ በሚባለው የእመቤታችን በዓል ቀን ግን ያ ምላስ ሁለት ጊዜ ተሳሰረ። የመጀመሪያው በእፍረት ነው። ሁለተኛው በምን እንደሆነ እሷም ስም አላገኘችለትም።

ጠዋቱን መንደሩ በሙሉ ተፍ ተፍ ይላል። ወንዶቹ የመጨፈሪያውን መድረክ ሳንቃ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያግዛሉ፣ ሴቶቹ ታማል የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላሉ፣ ውሾቹ በሁለቱም ወገን እግር ሥር ይልከሰከሳሉ። ካሲልዳ ግን አጎቷ ፊዴንሲዮ በሚሠራበት የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ቆማ አንድ ነገር ላይ አፍጥጣለች። ጠረጴዛው ላይ አንበሲቷ በጀርባዋ ተንጋላለች።

አንበሲት ከጊታሮቻችን ሁሉ ትልቋ ናት። ሃራና የሚባሉት ትንንሾቹ እንደ ጫጩት ከላይ ከላይ ሲንጫጩ እሷ ከሥር ሆና ታጉረመርማለች። ከራሷ እስከ ቂጧ ከአንድ ወጥ ግንድ ተፈልፍላ ነው የምትወጣው። አራት የናይለን ክር አላት። ሦስቱ ታስረዋል። አራተኛው፣ ከሁሉም ወፍራሙ፣ እኛ ጉሮሮዋ የምንለው፣ ገና እንደተጠቀለለ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ያልታሰረው በአጎት ፊዴንሲዮ አውራ ጣት ምክንያት ነው። ከትናንት ወዲያ ሦስቱን ክር ካሰረ በኋላ፣ በደስታ ብዛት፣ “እስቲ ደግሞ አንገቷን ትንሽ ላስተካክል” ብሎ መሮውን አነሳና አውራ ጣቱን አስተካከለ። አሁን ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ታማል መስሏል።

ግንዱ የአሮጊቷ የዶኛ ዜናይዳ ነበር። በደጃቸው የቆመ ዝግባ ነው። እትብታቸው የተቀበረው ከሥሩ ነው፤ እናታቸው በገዛ እጇ ጉድጓድ ምሳ ቀብራዋለች። በልጅነታቸው ወጥተውበታል፣ ከጥላው ሥር ተድረዋል፣ ባላቸው የሞተ ቀን ተደግፈውት አልቅሰዋል። ያንን ዛፍ ነው ካቻምና የሰሜኑ ነፋስ ከነሥሩ ነቅሎ ያጋደመው። አጎት ፊዴንሲዮ ግንዱን ሲለምናቸው፣ “ውሰደው፣ ግን ወንበር እንዳታደርገው። እትብቴ ላይ ሰው እንዲቀመጥብኝ አልፈልግም” አሉት። እሱም አንበሲት አደረገው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዶኛ ዜናይዳ አይሰሙም። ጆሯቸው እንደ በጋ ኩሬ ቀስ እያለ ደረቀ። በዚህ ወንዝ ዳር እንደሳቸው የጨፈረ ሴት የለም፤ ካሲልዳን ራሷን የእግር ምት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በኛ ጭፈራ ደግሞ እግር ጌጥ አይደለም፣ ከበሮ ነው። መድረኩ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ተረከዝ ሲያርፍበት ይጮኻል፤ ሙዚቀኛው ይጠይቃል፣ ተረከዙ ይመልሳል። ታዲያ አንድ በዓል ላይ የዶኛ ዜናይዳ እግር ከሙዚቃው ተለየ። ማንም አልሳቀም። የባሰው እሱ ነው። የሰዉን ፊት አይተው ዝም ብለው ወረዱ፣ ከዚያ ወዲህም አልወጡም።

ነገ ጠዋት ልጃቸው በጀልባ መጥታ ወደ ወደቡ ከተማ ትወስዳቸዋለች፤ ላይመለሱ። ሻንጣቸው ተቆልፏል፣ ዶሮዎቻቸው ለጎረቤት ተከፋፍለዋል። ካሲልዳን ያንገበገባት ይሄ ነው። ዛፋቸው አንዲት ቃል ሳይናገራቸው ሊሄዱ ነው።

“ለማይሰማ ሰው ዛፍ ቢያወራ ምን ይረባል?” አላት የአጎቷ ልጅ ክሪስፒን። አንበሲቷን ማታ የሚጫወታት ክሪስፒን ነው፣ ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ፀጉሩን አሥር ጊዜ አበጥሯል።

“አንተስ ጆሮ ኖሮህ መስማትህ ምን ረባህ?” አለችው።

ካሲልዳ ማንም ያላየውን አይታለች። ጀልባዎች የሚታሰሩበት የእንጨት መረማመጃ ላይ ዶኛ ዜናይዳ ባዶ እግራቸውን ይቆማሉ። ወንዙ ጭልጥ ያለ ነው፣ ምንም አይታይም። እሳቸው ግን በድንገት “ኡባልዶ መጣ” ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ እውነትም የካሲልዳ አባት ጀልባ ከመታጠፊያው ብቅ ይላል። አንድ ቀን፣ “በምን አወቁ?” ብላ በእጇ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ወደ እግራቸው ጠቆሙ። የሞተሩ ጉርምርምታ በውሃው ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ሳንቃው፣ ከሳንቃው ወደ ተረከዛቸው ይወጣል። ትንንሾቹን ጊታሮች እግር አይሰማቸውም፤ ቀጭን ናቸዋ። የአንበሲቷን ወፍራም ክር ግን...

“አጎቴ፣ አሁን እንሰረው” አለች።

“እነዚያ ሰዎች መድረኩን ገልብጠው ሊተክሉት ነው፤ አይቼ ልምጣ። ክሩን እንዳትነኪ። ስመለስ እየነገርኩሽ ታስሪዋለሽ” አለና ታማል ጣቱን እንደ ባንዲራ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ወጣ።

“አትንኪ” ከተባለች በኋላ ካሲልዳ የታገሠችው ዶሮ ውሃ እስክትጎነጭ ነው።

“ተይ ይቆጣሻል” አለ ክሪስፒን።

“እኔ የኡባልዶ ልጅ ነኝ! አባቴ ያሰረው መንጠቆ ተፈቶ ያውቃል? ይልቅ አንተ ያንን መቃኛ ያዝ፣ ስልህ ታዞራለህ። አንተ እንደሆንክ ስትዞር ነው የምትውለው።”

ክሮቹ የሚታሰሩበት በርኩማ ከአንበሲቷ ሆድ ዝቅ ብሎ የተለጠፈ፣ ጣት የሚያህል ዘንግ ነው፤ አራት ቀዳዳ አለው። ካሲልዳ ክሩን በአራተኛው ቀዳዳ አሾለከችው። ከዚያ አባቷ መንጠቆ እንደሚያስር ጅራቱን በክሩ ላይ ዙሪያውን ደጋግማ ጠመጠመችና በቀለበቱ መልሳ አወጣችው። ቀጥሎም፣ በዚህ ወንዝ ላይ ዓሣ አጥምዶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። ጎንበስ አለችና ቋጠሮው ላይ እንትፍ አለችበት። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ክሩን ያቃጥለዋል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ጎትታ አጠበቀችው፣ የተረፈውን ጅራት በቢላዋ ቀረጠፈችው። “እሰይ!” አለች ለራሷ።

“አዙር።”

ክሪስፒን አዞረ። ክሩ ተነሳ፣ ተወጠረ፣ ማጉረምረም ጀመረ።

“አዙር!”

“በቃው...”

“አዙር አልኩህ እኮ!”

ጧ!

ክሩ ከቀዳዳው ተፈትልኮ እንደ ጅራፍ ተገለበጠና የአንበሲቷን ሆድ ገረፈው። ሁለቱም ወደ ኋላ ዘለሉ። ተመልሰው ሲያዩ፣ አጎት ፊዴንሲዮ ሳምንታት ሙሉ ያለሰለሰው ቀይ እንጨት ላይ፣ ከበርኩማው ሥር፣ ረጅም ነጭ ጭረት ተጋድሟል።

የካሲልዳ ምላስ መጀመሪያ የታሰረው እዚህ ላይ ነው።

አጎት ፊዴንሲዮ ተመለሰ። ጭረቱን አየው። ጎንበስ ብሎ በደህናው ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ የክሩን ጫፍ አነሳ፣ በጣቶቹ መሃል አሸት አደረገው።

“ተፍተሽበታል” አለ።

ካሲልዳ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

“ካሲልዳ፣ ተፍተሽበታል ወይስ ዘንቧል?”

“አባቴ እንደዚህ ነው የሚያስረው” አለች፣ ድምጿ ከእግሯ ጥፍር ነው የወጣው።

“አባትሽ የሚይዘው ዓሣ ነው። ይቺ ዓሣ ናት?”

“ድመት ናት እንጂ፣ ውሃ አትወድም” አለ ክሪስፒን፤ ሁለቱም ዞረው ሲያዩት ማበጠሪያውን ፍለጋ ኪሱ ውስጥ ገባ።

“የመንጠቆ ቋጠሮ ቀጭን ክር ላይ ጥርስ አለው” አለ አጎት ፊዴንሲዮ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እየተቀመጠ። “እንዲህ ያለ ወፍራም ክር ላይ ግን እስከ መጨረሻው አይጠብቅም። በዚያ ላይ በምራቅ አለሰለስሽለት። መንገዱን ጠርገሽ ነው የሸኘሽው።” የቆሰለውን ጫፍ በቢላዋ ቆረጠና ክሩን ከበርኩማው እስከ መቃኛው ለካው። ራሱን ነቀነቀ። “ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ብትስቺ አይደርስም። ሌላው ከወደብ እስኪመጣ ሳምንት ነው።”

“ዶኛ ዜናይዳ ነገ ነው የሚሄዱት!”

“እኔ ቀኑን የማላውቅ ይመስልሻል?”

“እንግዲያው ክሪስፒን ይሰረው። እኔ አልነካም።”

አጎት ፊዴንሲዮ የክሪስፒንን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሳው። “ይሄ የሙዝ ዘለላ ነው።” የራሱን አነሳ። “ይሄ ታማል ነው። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ነይ።”

መጀመሪያ ካሲልዳ ምራቁ እንዲለቅ እጇን በደረቅ አሸዋ አሸች። ቀጥሎ ክሩን። በርኩማውን በቀሚሷ ጠረገች።

“ከአንገቷ ወገን አስገቢው፣ በኋላ በኩል አውጪው። ስንዝር የሚያህል ጅራት ተይለት። አሁን ጅራቱን በበርኩማው ላይ ወደ ፊት መልሺው። ክሩ ከገባበት ጋ በራሱ በክሩ ሥር አሳልፊው። ወደ ኋላ መልሺው ደግሞ። ከላይ ባለችው ቀለበት ሥር ሸጉጪው። አንዴ።”

“አንዴ ብቻ? ቀጭኑን እኮ ሦስቴ ነው ያጠላለፍከው።”

“ቀጭኑ ያዳልጣል። ወፍራሙ ባለጌ አይደለም፣ አንዴ ከነገሩት ይገባዋል። እንዳንዳንድ ሰው አይደለም። ጅራቱ የት ነው ያለው?”

“ከላይ።”

“ከላይ ከሆነ ያመልጥሻል። ከበርኩማው ጠርዝ አሳልፈሽ ወደ ኋላ አውርጂው፣ እንጨቱን ተደግፎ ይተኛ።”

ካሲልዳ አወረደችው። ከዚያ ሥራዋን አየች። “አጎቴ፣ ይሄ እኮ ቋጠሮ አይደለም። ሕፃን ይፈታዋል።”

“አዎ፣ ሕፃን ይፈታዋል። ክሪስፒን፣ አዙር። ቀስ።”

ክሩ ተነሳ። ካሲልዳ ጅራቱን በአውራ ጣቷ እንጨቱ ላይ ጨምቃ ይዛዋለች፤ ጥፍሯ ነጭ ሆኗል። ክሩ እየተወጠረ ሲሄድ ቀለበቷ ከጣቷ ሥር ስትንቀሳቀስ ተሰማት፣ አንዳች ሕይወት ያለው ነገር ቦታውን እየፈለገ እንደሚተኛ።

“ልቀቂ” አለ አጎት ፊዴንሲዮ።

“አልለቅም።”

“ጣትሽ ማታ ከአንበሲቷ ጋር ሊጨፍር ነው? ልቀቂ።”

ዓይኗን ጨፈነች። ጧ የሚለውን እየጠበቀች ጣቷን አነሳች።

ምንም የለም። አንድ ዓይኗን ገለጠች። ክሪስፒን አሁንም ያዞራል፣ ክሩ ወደ አንበሲቷ አንገት በሙሉ ጉልበቱ ይጎትታል፣ ጅራቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ተጠግታ አየች፣ አፍንጫዋ እንጨቱን እስኪነካ። ክሩ በጎተተ ቁጥር ቀለበቷ ወደ ታች ትወርዳለች፣ በወረደች ቁጥር ጅራቱን ጠርዙ ላይ ትጫነዋለች። ሊያመልጥ የሚታገለው እሱ፤ ራሱን አንቆ የያዘውም እሱ! ሌላ ምንም የለም፤ ሙጫ የለ፣ ሚስማር የለ። ትልቅ ዓሣ የሚጎትት ጉልበት እዚያ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሏል።

“ማነው ይሄን ያሰበው?” አለች በሹክሹክታ።

“አንድ ሰነፍ” አለ አጎት ፊዴንሲዮ። “ቋጠሮ መፍታት የሰለቸው።” ቀልዱ ነው፣ ግን እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

ክሪስፒን የቀንድ መምቻውን አነሳና ወፍራሙን ክር አንዴ ነካው።

ድምፁ ከጊታር አልመጣም። ከመሬት ነው የመጣው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የእንጨት ብናኝ ተነስቶ ተንቀጠቀጠ፣ ቆርቆሮው ዘመረ፣ ደጅ ሲጭሩ የነበሩት ዶሮዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው ደርቀው ቀሩ።

*

ፀሐይ ወደ ወንዙ ስታዘነብል ፋንዳንጎ የሚባለው የመድረክ ጭፈራ ተጀመረ። ሃራናዎቹ ተንጫጩ፣ ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው መድረኩ ላይ ወጡ፣ አዲስ የምትወጣዋ የምትጨፍረዋን ትከሻ ነክታ ቦታዋን ትረከባለች። አንበሲቷ ገና ዝም ብላለች። ካሲልዳ ክሪስፒንን፣ “ሳልነግርህ ብትነካት ያንን ፀጉርህን እላጨዋለሁ። በል ደግሞ ቂጧን ሳንቃው ላይ አስደግፋት፣ አየር ላይ አታንጠልጥላት” ብላው እየሮጠች ሄደች።

ዶኛ ዜናይዳ ደጃቸው ላይ፣ ዛፉ በነበረበት ጉድጓድ አጠገብ፣ ወንዙን እያዩ ተቀምጠዋል። ካሲልዳ እጃቸውን ያዘች።

“ተይኝ አንቺ ልጅ!” አሉ፣ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው። “አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ለማየት ነው የምሄደው? ዓሣ ገበያ ይሻለኛል።”

ካሲልዳ ጎተተች። እሳቸውም ጎተቱ። አሮጊት ናቸው ብላችሁ እንዳትንቁ፤ ግማሹን መንገድ ካሲልዳ ነች የተጎተተችው። በመጨረሻ ግን፣ ለስንብትም ይሁን ለልጅቷ እንባ፣ መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ካሲልዳ መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ተንበርክካ ጫማቸውን አወለቀች፣ ባዶ እግራቸውን በሁለት እጇ አንስታ ሳንቃው ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ወደ ክሪስፒን ዞራ ራሷን ነቀነቀች።

ክሪስፒን በቀጫጭኖቹ ጀመረ። የዶኛ ዜናይዳ ፊት እንደ ተዘጋ በር ነው። ካሲልዳ በሆዷ ሁሉንም ቅዱሳን ጠራች፣ ከዚህ በፊት የሰደበቻቸውንም ጭምር። ዓይኗ በርኩማው ላይ ነው። ያዝ፣ አደራ ያዝ።

ወፍራሙ ክር ተመታ።

ዶኛ ዜናይዳ እግራቸውን ከሳንቃው ላይ መንጨቅ አድርገው አነሱ፣ እሳት እንደነካው ሰው። ሳንቃውን አዩት። መልሰው፣ በቀስታ፣ አስቀመጡት። ክሪስፒን ደገመ። አፋቸው ተከፈተ።

“ማነው?” አሉ። መረማመጃው ላይ ሆነው ጀልባ ሲመጣ እንደሚሉት ነው ያሉት። “ማነው የመጣው?”

ካሲልዳ ወደ አንበሲቷ ጠቆመች። ከዚያ ወደ ደጃቸው፣ ወደ ባዶው ጉድጓድ። ከዚያ ጣቷን በቀሚሷ ላይ እምብርቷ ላይ አሳረፈች።

ሴትዮዋ አዩዋት። ከዚያ የራሳቸውን እጅ አንስተው እምብርታቸው ላይ አደረጉት። ተነሡ።

መድረኩ ላይ የነበሩት ሴቶች ማንም ሳይነግራቸው ትከሻቸው ሳይነካ ወረዱ። ሃራናዎቹም ማንም ሳያዛቸው ድምፃቸውን ዝቅ ዝቅ አደረጉ፣ ጫጩቶች እናታቸው ስትመጣ እንደሚያደርጉት። አንበሲቷ ብቻ ቀረች። ዶኛ ዜናይዳ መሃል ላይ ቆመው ጠበቁ። አንድ ምት አሳለፉ፣ ሁለት አሳለፉ፣ በሦስተኛው ተረከዛቸው ወረደ።

ልክ ላይ ነው የወረደው። ከምቱ ጋር ሳይሆን ከምቱ ውስጥ። ክሩ ጠየቀ፣ ተረከዙ መለሰ። ክሪስፒን አፈጠነ፣ ፈጠኑ፤ ሊያታልላቸው ቆም አለ፣ እግራቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው ጠበቁትና እሱ ሲመለስ እኩል አረፉ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሚያለቅስም አለ፤ የካሲልዳ አባት ኡባልዶ ነው፣ በኋላ ጭስ ነው ብሏል፣ ጭስ ግን አልነበረም። ዶኛ ዜናይዳ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ አገጫቸውን ቀና አድርገዋል፣ ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ብቻ አይደለም፤ በልጅነታቸው ከዛፉ ጫፍ ላይ ወጥተው ወንዙን መጀመሪያ ያዩት ቀን እንዲህ ሳይሆኑ አልቀሩም።

ካሲልዳ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። አልመጣላትም። ምላሷ ለሁለተኛ ጊዜ የታሰረው እዚህ ላይ ነው።

ሲጨርሱ ዶኛ ዜናይዳ ከመድረኩ ወርደው በቀጥታ ወደ አንበሲቷ ሄዱ። መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ ጣታቸው ነጩን ጭረት አገኘ።

“ማነው ዛፌን የቧጨረው?” ብለው ጮኹ።

ክሪስፒንና አጎት ፊዴንሲዮ በአንድ ጣትና በአንድ ታማል ወደ ካሲልዳ ጠቆሙ።

“አውቄአለሁ” አሉ ዶኛ ዜናይዳ። ጎትተው አቀፏት፣ ጆሮዋንም ቆነጠጡ፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ። “ስሚ አንቺ። ነገ ስሄድ ይቺን መረማመጃው ላይ እንዳታመጧት። እግሬ እምቢ ይለኛል።”

ካሲልዳ ደግሞ መቼ የተባለችውን ሰምታ ታውቃለች? ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ላይ ሳይነሳ፣ ልጃቸው ሻንጣውን ጀልባው ውስጥ ስታስገባ፣ አንበሲቷ መረማመጃው ጫፍ ላይ ቂጧን ሳንቃው ላይ አስደግፋ ቆማለች፤ ክሪስፒን ከኋላዋ፣ ለአንዴ እንኳ ሳይበጠር። ዶኛ ዜናይዳ ከመምጣታቸው በፊት ካሲልዳ ጎንበስ ብላ በርኩማውን አይታለች። ጅራቱ ካስተኛችው ቦታ የፀጉር ያህል አልሸሸም።

ክሩ ተመታ። አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ ሊያደርጉ የነበሩት ዶኛ ዜናይዳ ቆሙ። አልዞሩም። ጫማቸውን አወለቁ፣ በእጃቸው ያዙት፣ ተረከዛቸውን ሦስት ጊዜ ሳንቃው ላይ መቱ። ከዚያ በባዶ እግራቸው ጀልባው ላይ ወጡ።